የታቦር ሲኒ፣ የተበላ ማሰሮ

ሐዋሳ ውስጥ የታቦር ሴራሚክ ፋብሪካ ሱቅ የት ላይ እንደነበር የጠየቅኳቸው ሰዎች ሁሉ የተለያየ ቦታ ነው የጠቆሙኝ። አንዱ በፋብሪካው በር ሲገቡ በግራ ነው ይላል፤ ሌላው ከአጥሩ ውጭ፣ መንገዱ ዳር። እኔ የማስታውሰው እስከ ጣሪያው የተደረደረ ነጭ ዕቃና ሣር የተጎዘጎዘበት ካርቶን ብቻ ነው። ልጅ ሆኜ ከአባቴ ጋር ከወላይታዋ ከተማችን ከተበላ ተነሥተን በሶዶ፣ በቦዲቲና በሾኔ አድርገን፣ ሻሸመኔ ላይ አውቶብስ ቀይረን የደረስንበት ሱቅ ነው። ስንመለስ ካርቶኑ መንገዱን ሙሉ ከአባቴ ጭን አልወረደም።

አባቴ አስተማሪ ነበር። በዚያ ደመወዝ ያን ያህል ሲኒ እንዴት እንደገዛ ሲገርመኝ ኖሯል። ነገሩ የተገለጠልኝ እስከ ዛሬ እናቴ ቡፌ ውስጥ የተረፈችውን ሲኒ ገልብጬ ሳያት ነው፤ ከአንጸባራቂው ቅብ ሥር ትንሽ ጥቁር ነጥብ አለባት። እንዲህ ያለውን ዕቃ በርካሽ ማግኘት የፋብሪካ ሱቅ አንዱ ጥቅም ነው። በፖርሴሊን ዕቃዋ በዓለም የታወቀችው የፈረንሳይዋ ሊሞዥም ብትሆን፣ ከእሳት ሲወጣ ነጥብ የተገኘበትን ወይም ጥቂት የጎበጠውን ዕቃ በቅናሽ የምትሸጠው በየፋብሪካዎቿ ሱቅ ነው።

ያኔ ነጭ ሲኒ ሁሉ ከባሕር ማዶ የመጣ ይመስለን ነበር። የታቦር ነጭ አፈር፣ ካኦሊኑ፣ ይመጣ የነበረው ግን ከጉጂ ምድር ከቦምቦወሃ ነው፤ ፌልድስፓሩና ኳርትዙም ከዚያው አቅጣጫ፣ ከቀንጢቻ። እንዲህ ያለ ዕቃ ሲሠራ ሦስቱ ተፈጭተው በውሃ ይበጠበጡና ጀሶ ቅርጽ ማውጫ ውስጥ ይፈስሳሉ። ጀሶው ውሃውን ሲመጠው ዳር ዳሩ እየጠጠረ የሲኒው ገላ ይቆማል። ከዚያ ይደርቃል፣ ይቀባል፣ ከ1000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ በጋለ ምድጃ ይጠበሳል። ሊሞዥንም ለወግ ያበቃት ይህ አፈር ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1768 አቅራቢያዋ ባለችው በሴንት ኢሪዬ ካኦሊን ተገኘ፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላም ፋብሪካ ተከፈተ። አፈሩ ከራሳችን ምድር መሆኑን ያኔ ቢነግሩን ኖሮ እንዴት በኮራን!

ይህን ሳስብ ግን ልቤን የሚከነክነኝ የተበላ ገበያ ነው። ከገበያው ጥግ ማሰሮ፣ ምጣድ፣ እንስራና ጀበና ዘርግተው የሚቀመጡ ሴቶች ነበሩ። ወላይታ ውስጥ ሸክላ ሠሪዎቹ ጪናሻ ይባላሉ። ሌላው ሰው አይጋባቸውም፣ ከእነሱ ጋር ማዕድ አይቆርስም ነበር። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ እርሻ ቢያስገኝላቸውም ጋብቻና ማዕድ በአዋጅ አልተከፈተላቸውም። ለእንግዳ ቡና በታቦር ሲኒ ሲቀርብ፣ እኛ በየማለዳው የምንጠጣው ሃይታ ቱኬ፣ የቡና ቅጠሉ ከነጭ ሽንኩርቱ፣ ከዝንጅብሉና ከቃሪያው ጋር፣ የሚፈላው እነዚያ ሴቶች በሠሩት ማሰሮ ነበር። ሲኒው ቡፌ ውስጥ ተቆልፎ ይኖራል፤ ማሰሮው ከምድጃ አይወርድም።

የፋብሪካን ምድጃ ግለት የሚለካ መሣሪያ አለ። ሸክላ ሠሪዋ ያላት ዓይኗና እጇ ነው። ጭቃው ስንት አሸዋ እንደሚፈልግ በጣቷ ታውቃለች፤ ሜዳ ላይ ሣርና እንጨት ከምራ ስትተኩስ ነፋሱ ከዞረ የሳምንት ልፋቷ ይሰነጠቃል። ከሁለቱ የትኛው ከባድ ሙያ እንደሆነ እኔ አልጠራጠርም። አክብሮቱን ሁሉ ለፋብሪካው ሰጥተን እሷን ጥግ ማስቀመጣችን በደል ነበር።

ባለፈው ተበላ ስወርድ እናቴን የማሰሮ ሠሪያችንን ስም ጠየቅኳት። ለዓመታት ከእሷ ብቻ ነው የገዛነው። የልጆቿን ብዛት፣ የምትቀመጥበትን ቦታ፣ ማሰሮዋ ስንት ክረምት እንደሚዘልቅ ነገረችኝ። ስሟን ግን አታውቀውም።