የቴሌስኮፕ እግር

ስለ ቴሌስኮፕ ሲነገር የብዙ ሰው ሐሳብ ወዲያውኑ ወደ ምስሪቱ ይሄዳል። ምን ያህል ያጎላል? ምን ያህል ርቀትስ ያሳያል? ተብሎ ይጠየቃል። መሣሪያው ስለሚቆምበት እግር የሚጠይቅ ግን እምብዛም አይገኝም። ይሁን እንጂ የጥልቁን ሰማይ ፎቶግራፍ ለማንሣት የሚፈልግ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ሊያስብበት የሚገባው መቆሚያውን ነው። እኔም ይህን የተረዳሁት ከመጽሐፍ ሳይሆን በምሥራቅ ሱዳን፣ በገዳሪፍ ከተማ፣ የትራክተር መካኒክ ከነበረው ታላቅ ወንድሜ ዘንድ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ምድራችን በዛቢያዋ ላይ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ስለምትሽከረከር ከዋክብት ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የሚጓዙ ይመስላሉ። የጉዟቸውም ፍጥነት በሰዓት 15 ዲግሪ ያህል ነው። በመሆኑም በሰማይ ወገብ አካባቢ የሚገኝ ኮከብ በሁለት ደቂቃ ውስጥ የሙሉ ጨረቃን ስፋት የሚያህል መንገድ ያልፋል። ይህን ዓይናችን አያስተውለውም። ካሜራ ግን ደካማውን ብርሃን ለማጠራቀም በአንድ ኮከብ ላይ ለደቂቃዎች ማፍጠጥ ስላለበት፣ ሳይንቀሳቀስ የቆመ እንደ ሆነ ኮከቡ ነጥብ መሆኑ ቀርቶ ረጅም ጭረት ሆኖ ይወጣል።

ለዚህ ችግር የተገኘው መፍትሔ ከምድር ዛቢያ ጋር ትይዩ የሆነ ዘንግ ያለው መቆሚያ ነው። አንዲት ትንሽ ሞተር ዘንጉን ምድር ከምትዞርበት በተቃራኒው አቅጣጫ፣ በ23 ሰዓት ከ56 ደቂቃ አንድ ጊዜ ታዞረዋለች። ያን ጊዜ ቴሌስኮፑ ኮከቡን እግር በእግር ይከተለዋል። ዘንጉ ትይዩ መሆኑ የሚታወቀው ደግሞ በሰሜን ኮከብ ነው። ይህ ኮከብ ከሰማይ ዋልታ የሚርቀው ከአንድ ዲግሪ ያነሰ ሲሆን፣ ከአድማስ በላይ የሚታይበት ከፍታ ተመልካቹ ከቆመበት ሥፍራ ኬክሮስ ጋር እኩል ነው ለማለት ይቻላል። በለንደን 51 ዲግሪ ያህል ከፍ ብሎ ይታያል። በገዳሪፍ ግን 14፣ በመተማ 13፣ ሁለት ባለ አንድ ሜትር ቴሌስኮፖች በተተከሉበት በእንጦጦ ተራራ ላይ ደግሞ 9 ዲግሪ ብቻ ነው። ስለዚህም መቆሚያ ለቆመበት ሥፍራ ካልተስተካከለ፣ ምስሪቱ የቱንም ያህል ውድ ቢሆን ሥራው ከንቱ ነው።

ገዳሪፍ የማሽላና የሰሊጥ አገር ናት። በዙሪያዋ ያለው ምድር ዓይን እስኪደክም ድረስ ሜዳ ነው። በክረምት የሚጨቀየው ጥቁር መረሬ በበጋ ደርቆ እግር የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል። ከከተማው ጥቂት ኪሎ ሜትር ወጣ ሲሉ መብራት የለም፤ ፍኖተ ሐሊብ ከአድማስ እስከ አድማስ ተዘርግቶ ይታያል። ወንድሜ አዲሱን መቆሚያ ያቆመው በዚህ ሜዳ ላይ፣ በጥር 2012 ዓ.ም. አጋማሽ፣ ጨረቃ በሌለችበት ሌሊት ነበር። እኔ ከመተማ ልጠይቀው ሄጄ ነበር። ጎረቤቱ የሆነ አንድ ሱዳናዊ መምህርም አብሮን ወጣ።

መቆሚያው ገና ከሣጥኑ ሲወጣ አንድ እንቅፋት ገጠመን። የተሠራው ለሰሜን አገሮች ስለ ነበር ከፍታውን የሚለካው ብሎን ከ20 ዲግሪ በታች አልወርድም አለ። ገዳሪፍ የምትፈልገው ግን 14 ዲግሪ ነው። እኔ ነገሩ ያበቃ መስሎኝ ዝም አልሁ። ወንድሜ ግን ጥቂት አሰበና፣ «የቀረውን 6 ዲግሪ ከእግሩ እንወስዳለን» አለ። ከሦስቱ እግሮች በሰሜን በኩል ያለውን አሳጠረው። ከዚያ እግር ሁለቱን የደቡብ እግሮች እስከሚያገናኘው መስመር ድረስ ለሚኖረው ርቀት፣ በእያንዳንዱ ሜትር 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ማለት ይበቃል። ለካስ መቆሚያው እንደ ቤት ግድግዳ በውሃ ልክና በቱንቢ ቀጥ ማለት የለበትም። ሊቃና የሚገባው ዘንጉ ነው፤ ዘንጉ ዋልታውን ካየ እግሩ ቢያዘነብልም አይጎዳም።

ማዘንበሉ ግን ሌላ ጥንቃቄ ጠየቀ። የሚዛኑ ክብደት ከሰሜኑ እግር ጋር እንዳይጋጭ፣ ወንድሜ በጋራዡ ቆርጦ የበየደውን አጭር የብረት ቧንቧ ከሥር አስገብቶ ራሱን ከፍ አደረገው። መሣሪያው ወደ ፊት እንዳይደፋም ከመካከሉ አሸዋ የሞላበት ከረጢት አንጠለጠለ። ስንጥቁ መሬት እንዳይከዳው ከየእግሩ ሥር ጠፍጣፋ ድንጋይ አነጠፍን። ኮምፓስ የሚያሳየው ሰሜንና እውነተኛው ሰሜን ጥቂት ስለሚለያዩ፣ የመጨረሻው ዳኛ ኮከቡ ራሱ ነበር። በዚያ ዝቅተኛ ከፍታ የሰሜን ኮከብ በአቧራ ተጋርዶ ስለ ነበር አቧራው እስኪረጋ ጠበቅን። ወንድሜ በዘንጉ ውስጥ በተሠራችው ትንሽ መነጽር እያየ አንዱን ብሎን ሲያጠብቅ ሌላውን ሲያላላ አንድ ሰዓት ያህል አለፈ። መምህሩ ባትሪ ይዞለት ቆሞ አንድም ቃል አልተናገረም።

ከዚያ በኋላ ቴሌስኮፑን ኦሪዮን በሚባለው የከዋክብት ስብስብ ውስጥ ወዳለው የጋዝና የአቧራ ደመና አቀናው። ከምሽቱ ሦስት ሰዓት እስከ አምስት ሰዓት ድረስ እያንዳንዳቸው ሁለት ደቂቃ የሚፈጁ ፎቶግራፎች ተራ በተራ ተነሡ። ከዋክብቱ ሁሉ ነጥብ ሆነው ወጡ። ፎቶግራፎቹ በኮምፒዩተር ተደራርበው ሲታዩ በዓይን እንደ ጭጋግ ብቻ የሚመስለው ደመና ቀይና ሰማያዊ ክንፉን ዘርግቶ ታየ። ያ ብርሃን ከደመናው ከተነሣ 1,300 ዓመት ያህል ሆኖታል፤ የአክሱም መንግሥት ገና ሳይጠፋ መንገድ ጀምሮ በገዳሪፍ ሜዳ ላይ ደረሰ ማለት ነው። ጎሕ ሊቀድ ሲል ደግሞ በደቡብ አድማስ ላይ የደቡብ መስቀል የሚባሉት ከዋክብት ወጡ። በስተ ሰሜን የዋልታው ኮከብ፣ በስተ ደቡብ መስቀሉ፣ ሁለቱም ከአድማስ ጥቂት ከፍ ብለው በአንድ ሌሊት ይታያሉ። ቴሌስኮፕ የሚሠሩት የሰሜን አገሮች ይህን ጸጋ አላገኙትም። ብሎኑን ያስቸገረን ዝቅተኛ ኬክሮስ ሁለቱንም የሰማይ ወገኖች የሚያሳየን እርሱ ራሱ ነው።

ያ ምድር ከዚያ በኋላ ብዙ መከራ አይቷል። በኅዳር 2013 ዓ.ም. ከትግራይ የሸሹ ብዙ ሰዎች ወደ ሱዳን ተሻግረው በገዳሪፍ ግዛት በኡም ራኩባ ተጠለሉ። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ደግሞ በካርቱም ጦርነት ተቀሰቀሰና ስደቱ አቅጣጫውን ቀየረ፤ ሕዝብ በገላባት በኩል ወደ መተማ ይጎርፍ ጀመር። ወንድሜም ጋራዡን ዘግቶ ከመጡት አንዱ ሆነ። የመቆሚያውን ራስ በብርድ ልብስ ጠቅልሎ ይዞት መጣ። ሦስቱን እግሮች ግን መሸከም ስላልቻለ ለዚያ መምህር ትቶለት ነበር።

በመተማ አንድ አናጢ ከእንጨት አዲስ እግር ሠራለት። ወንድሜ መሣሪያውን እንደገና ባቆመ ጊዜ ምን ያህል ድካም ይጠብቀው ይሆን ብዬ ነበር። ነገር ግን ከገዳሪፍ እስከ መተማ ያለው የኬክሮስ ልዩነት አንድ ዲግሪ ያህል ብቻ ነው። ጠረፍ ተሻግሮ፣ ቤቱንና ሥራውን ጥሎ የመጣ ሰው ሰማዩን ለማግኘት ማስተካከል የነበረበት ያን አንድ ዲግሪ ነበር። ሁለት መንግሥታትን የሚለየው ወሰን በመቆሚያው ላይ ብሎኑን ጥቂት እንደ ማዞር ያለ ነገር ሆኖ ተገኘ።

ከዚህ የምንማረው ቀላል አይደለም። ሩቅ ማየት የሚሻ ሁሉ አስቀድሞ የቆመበትን ሥፍራ በትክክል ማወቅ ይገባዋል። ለሌላ አገር የተሠራ መሣሪያ ሲመጣለትም የራሱን ምድር መለኪያ አድርጎ ሊያስተካክለው ይችላል እንጂ እጁን አጣጥፎ መቀመጥ የለበትም። ይህን የሚጠራጠር ተማሪ ቢኖር አንድ ፕሮትራክተርና ጫፉ ላይ ጠጠር የታሰረ ክር ይዞ ጥርት ባለ ሌሊት ከመንደሩ ወጣ ይበል። የሰሜን ኮከብን ከፍታ ይለካ፤ ያገኘውም ቁጥር የገዛ አገሩ ኬክሮስ ነው።