ለደንባራ ፈረስ የቆርቆሮ ጣሪያ

«ለደንባራ በቅሎ ቃጭል ተጨምሮ» የሚለውን ተረት ለፖለቲካ ያልተጠቀመበት ጸሐፊ ያለ አይመስለኝም። እኔም እዚሁ ቻናል ላይ ሦስት አራት ጊዜ ሳልጽፈው አልቀረሁም። ዛሬ ግን ተረቱን ወደመጣበት ወደ ጋጣው ልመልሰው ነው። የምጽፈው ስለ እውነተኛ ደንባራ፣ ስለ አጎቴ ፈረስ ነው። ፖለቲካ ፈልጋችሁ የመጣችሁ አትሂዱ፤ እሱም መንገድ ላይ ያገኘናል።

ቦታው ዝቋላ ነው። ዝቋላ ስል ብዙዎቻችሁ የምታስቡት የሸዋውን ተራራና የአቦን ገዳም እንደሆነ አውቃለሁ። የእኔው ዝቋላ የዋግ ኽምራው ነው፤ ከሰቆጣ አልፎ ወደ ተከዜ የሚወርደው፣ ከተማው ፅፅቃ የሆነው። አብዛኛው ቆላ ስለሆነ ሸክሙን የሚችሉት አህያና በቅሎ ናቸው። ፈረስ የደጋ ነው። የአጎቴ ቀዬ ግን ከፍ ያለ፣ ሌሊቱ የሚበርድ ቦታ ስለሆነ ፈረስ ይኖርበታል። አጎቴ ዳማውን ከሰቆጣ ገበያ የገዙት ከዋጋው በታች ነበር። ለምን እንደረከሰ ሻጩ አልደበቀም፤ «ደንባራ ነው፣ ሰማይ ሲያጉረመርም አይያዝም» አላቸው።

አጎቴ አማራጭ አልነበራቸውም። በ2015 ክረምቱ ከዳ፤ በ2016 ድርቁ ዝቋላን፣ ሰሃላንና አበርገሌን እንዴት እንዳደረገ ዜናውን ያነበባችሁ ታስታውሳላችሁ። በቅሏቸው በዚያ ድርቅ ሞተች። እዚያ አገር ያለ ጋማ ከብት መቅረት ምን ማለት እንደሆነ ለከተማ ሰው ማስረዳት ይከብዳል። የእርዳታ ስንዴ የሚታደልበት ቦታ ከቤታቸው የሰዓታት መንገድ ነው። የራሱ እንስሳ የሌለው ሰው የጎረቤት አህያ ይከራያል፤ ኪራዩንም የሚከፍለው ከዚያው ከስንዴው ቀንሶ ነው። ለስድስት ሰው የተሰፈረው እህል ቤት ሲደርስ የስድስት ሰው አይሆንም። እናም አጎቴ ያላቸውን ፍየሎች ሸጠው ደንባራውን ፈረስ ገዙ።

ያ የ2016 ክረምት ደግሞ እንዳለፈው አልነበረም፤ ዝናቡ መጣ፣ ከነበረዶው። አሮጌው ጋጣ ቀድሞ ፈርሶ ስለነበር ባሕር ዳር የሚሠራው የአጎቴ ልጅ የቆርቆሮ ገንዘብ ልኮላቸው አዲስ ጋጣ ተሠርቷል። ቆርቆሮ ገጠር ላይ ክብር ነው። «ሣር ቤት» ማለት ድሃ ማለት ነው፤ ባለ ቆርቆሮ ከሩቅ ሲያብረቀርቅ ይታያል። ፈረሱ በቆርቆሮ ሥር ማደሩን ቀዬው ሁሉ አወራ።

ሐምሌ ላይ ለጥየቃ ሄጄ እዚያው ነበርኩ። በሦስተኛው ሌሊት በረዶ ወረደ። ያን ድምፅ የምገልጽበት ቃል የለኝም፤ ጠጠር በጀሪካን ውስጥ ሲንቀጠቀጥ ብላችሁ ጀሪካኑን ቤት አክሉት። ከዚያ ነጎድጓዱ መጣ። ፈረሱ በር ገነጠለ። አንገቱ በአጭር ገመድ ታስሮ ስለነበር ሲዘል ገመዱ የፊት እግሩን ጠለፈው፤ ቆዳው ተገሽልጦ አደረ። አጎቴ ሊገቡ ሲሉ ሚስታቸው ነጠላቸውን ይዘው ጎትተው አስቀሯቸው። ልክ ነበሩ። በጨለማ የሚራገጥ ፈረስ ያለበት ጋጣ ውስጥ የገባ ሰው እግሩን ወይም ጎድኑን፣ ሲብስም ነፍሱን ትቶ ይወጣል።

ጠዋት ጎረቤት ተሰበሰበ። ምክሩ አንድ ነበር፤ «ሽጠው»። አንዱማ «አለንጋ ያጣ ፈረስ ነው» አለ። እኔን የቆረቆረኝ ይኼ ነው። «ደንባራ» የሚለውን ቃል ከለጠፍን በኋላ ማሰብ እናቆማለን፤ ጥፋቱ የፍጥረቱ ይሆናል፣ የእኛ እጅ ያለበት ነገር ሁሉ ይረሳል።

ፈረስ የሚሸሽ ፍጥረት ነው። ቀንድ የለውም፤ አደጋ ሲሰማ መጀመሪያ ይሮጣል፣ ከዚያ ዞሮ ያያል። ዓይኖቹ ግራና ቀኝ ስለተቀመጡ ከጥቂት ቦታ በቀር ዙሪያውን ሁሉ ያያል። ጆሮዎቹ እያንዳንዳቸው ለብቻቸው እየዞሩ ድምፁ ከየት እንደመጣ ይፈልጋሉ። የሰው ጆሮ 20 ኪሎኸርዝ ላይ ሲያበቃ የፈረስ ጆሮ እስከ 33 ኪሎኸርዝ ገደማ ይሰማል፤ ስለዚህ የብረት ጩኸት ለእኛና ለእሱ አንድ አይደለም። እንግዲህ ይህን ፍጥረት ብቻውን ጨለማ ውስጥ አስገቡት፣ በአጭር እሰሩት፣ ከላዩ ላይ ከየአቅጣጫው የሚጮህ ብረት ድፉበት። መሸሽ አይችልም፣ ማየት አይችልም፣ ጓደኛ የለውም። ቃጭሉ ቆርቆሮው ነው።

መላውን ያገኙት አክስቴ ናቸው። እኔ ካነበብኩት ጥቂት ነገር ጨምሬያለሁ፤ ዋናው ግን የእሳቸው ነው። መጀመሪያ ያሉት «ሣር አልብሱት» ነበር። ፈረሱን መስሎኝ ነበር፤ ጣሪያውን ነው። ከአሮጌው ጋጣ ክዳን የተረፈውንና አዲስ የታጨደውን ሣር በቆርቆሮው ላይ ጎንጉነው ዘረጉት፤ ነፋስ እንዳያነሳው በጭራሮና በድንጋይ አሰሩት። ቀዬው ሳቀ። ቆርቆሮ አግኝቶ ሣር የሚያለብስ ሰው ታይቶ አያውቅም። በዚያው ሰሞን የቤት መዝጋቢ ልጅ መጥታ ቅጹ ላይ «ጣሪያ፤ ቆርቆሮ ወይስ ሣር?» ስትል አጎቴ «እንደ ሰማዩ ነው» አሏት። ምን ብላ እንደሞላችው አላየሁም። በማግስቱ ዶፍ ሲዘንብ ግን ጋጣው ውስጥ ቆመን ሳንጯጯህ አወራን። የውሃውን ጠብታ ብረቱ ሳይሆን ሣሩ ይቀበለዋል፤ ነገሩ ይኸው ነው። የከተማ ሰው ለዚህ ኮርኒስ ይሠራል።

ሁለተኛው አህያዋ ናት። ፈረስ የመንጋ እንስሳ ስለሆነ ብቻውን ሲሆን ጠባቂውም ሯጩም እሱ ብቻ ይሆናል። አህያ ደግሞ ሲያስፈራት ከመሮጥ ይልቅ ቆማ የምታስብ ናት፤ ግትር የምንላት ለዚህ ነው። በእንጨት ከልለን አጠገቡ አሰርናት። ሰማዩ ሲጮህ እሱ ጆሮውን ቀስሮ እሷን ያያል፤ እሷ ገለባዋን ታኝካለች። ትንሽ ቆይቶ እሱም ወደ ገለባው ይመለሳል። ገለባው ራሱ መላ ነው። የፈረስ ሆድ ቀኑን ሙሉ ጥቂት ጥቂት እንዲበላ የተሠራ ስለሆነ የሚያኝክ ፈረስ ይረጋጋል። ስለዚህ ደመናው ሲጠቁር ገለባና ድርቆሽ ይቀርባል፤ እህል ግን አይደለም። ፈረስ ማስታወክ አይችልምና የተደናገጠ ፈረስ ላይ እህል መጫን የሆድ ቁርጠት መጥራት ነው።

ገመዱን አስረዘምነው፤ ግን እግሩን እስኪጠልፍ አይደለም። ቋጠሮውም ከውጭ ሲስቡት የሚፈታ ሆነ። ከጋጣው ባልዲውን፣ ማረሻውን፣ የተንጠለጠለውን ብረት ሁሉ አወጣን። ከዚያ ያለው የሰዓት ጉዳይ ነው። ብልጭታው ከታየ በኋላ ነጎድጓዱ እስኪሰማ ቁጠሩ፤ ሦስት ሰከንድ አንድ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሠላሳ ስትቆጥሩ ገና አሥር ኪሎ ሜትር ቢርቅም ዝግጅቱ ያኔ ያልቃል። አናቱ ላይ ከደረሰ በኋላ ሰው አይገባም። ቀድሞ የገባ ሰው በትከሻው በኩል ይቆማል እንጂ ከኋላው አይቆምም፤ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ያወራዋል፣ አንገቱና ትከሻው የሚገናኙበትን፣ ጋማው የሚያበቃበትን ቦታ ያክለታል። ፈረሶች እርስ በርስ የሚተካከኩት እዚያ ነው፤ ያ ቦታ ሲታከክ የልብ ምታቸው እንደሚቀንስ ተለክቶ ታውቋል። አክስቴ ግን ይህን ያወቁት ሳይለኩ ነው።

ሁሉም ነገር ተስተካከለ እያልኩ አይደለም። ከሩቅ የሚመጣ፣ ምድሩን የሚያንቀጠቅጥ ዓይነት ጉርምርምታ አሁንም ያስበረግገዋል። በዚያ ላይ ሣሩም አህያዋም አልረዱትም። አንድ ማታ አጎቴን «አንቱ፣ ይኼን ምን አስተማረው ይሉታል?» ብዬ ጠየቅኳቸው። «ነጎድጓዱን መች ፈራ፣ መድፍ መስሎት ነው እንጂ» አሉኝ። በ2013 መጨረሻና በ2014 ጦርነቱ ዋግ ኽምራን ሲረግጥ ፈረሱ የት እንደነበር፣ የማን እንደነበር፣ ምን እንደጫነ የሚነግረን የለም። አጎቴ ግን ምልክቱን ያውቁታል፤ እዚያው ቤት ያለች የሰባት ዓመት የልጅ ልጃቸው ያን ዓይነቱን ድምፅ ስትሰማ ከመደቡ ሥር ትገባለች። ጥርት ብሎ የሚሰነጥቀውን መብረቅ አትፈራውም።

እዚህ ላይ ፖለቲካው ደረሰ። እኛ መሪዎቹን በፈረሱ ስም የሚጠራ ሕዝብ ነን፤ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ አሉላ አባ ነጋ። በ1943 ዓ.ም. ወደ ኮሪያ የዘመተው ቃኘው ሻለቃ ስሙን ያገኘው ከራስ መኮንን የፈረስ ስም ነው። የዋግ አገው ወንድም የሆነው የአዊ አገውም በየዓመቱ ጥር 23 ፈረሱን ሸልሞ፣ ዓድዋን አስታውሶ ይጋልባል። ደስ ይላል፤ ፎቶውን ሁላችንም እናጋራለን። ሐምሌ ላይ ጋጣ ውስጥ ስላለው ፈረስ ግን የሚጠይቅ የለም። አገሪቱ በአህያ ብዛት ከዓለም ቀዳሚዎቹ መካከል ናት፤ ፈረሱም ሁለት ሚሊዮን ገደማ ነው። ሆኖም እኔ በማውቃቸው ቀበሌዎች ስለ እንስሳት ሥልጠና ሲባል ወተትና ማድለብ ነው። ጋማ ከብት አይታለብም፣ አይታረድም፤ ስለዚህ ለሪፖርት አይመችም። ከድርቅ በኋላ «የእንስሳት መልሶ ማቋቋም» ሲባልም ፍየልና በግ ይታደላል። ጥሩ ነው፤ ግን ፍየል ስንዴ ተሸክማ አትመጣም። በ2007 ዓ.ም. የሕፃናትን መቀንጨር ለማስቀረት የተገባው ቃል ኪዳን የተሰየመው በሰቆጣ ነው፤ ያ ቃል ኪዳን መኪና የማይገባበት ቀበሌ የሚደርሰው በእንስሳ ጀርባ ነው።

አንድ ጎደሎ ልናገር፣ ነገ «የአንተን ምክር ሰምተን» እንዳትሉኝ። አጎቴ ሣሩን በዓመቱ ሲያነሱት የታችኛው ሻግቶ፣ ቆርቆሮውም በየቦታው ዝገት ጀምሮ አገኙት። አሁን ሣሩ ቆርቆሮውን እንዳይነካ በመካከሉ ጭራሮ ረብርበውበታል፤ አየር ይገባዋል፣ ውሃውም ይወርዳል። በየዓመቱ ሰኔ ሳይገባ መታደስ አለበት። ልጃቸው ስለ ዝገቱ ሰምቶ ከባሕር ዳር ደወለና በስንት ብር የገዛሁት ቆርቆሮ ብሎ ተቆጣ። «አንተ ቆርቆሮህን አስብ፤ እኔ ፈረሴን ላስብ» ብለው ስልኩን ለአክስቴ ሰጧቸው።