የልጁ ሳልና የሻወር ቤቱ ፋን



አስም ያለበት ልጅ በክረምት ሳሉ ሲብስበት፣ ከመድኃኒቱ ቀጥዬ ወላጆቹን የምጠይቀው ስለ ሻወር ቤታቸው ነው፦ «መስኮት አለው? ኮርኒሱ ጠቁሯል?» እኔም የምኖረው ንፋስ ስልክ ላፍቶ፣ ጀሞ ኮንዶሚኒየም ስለሆነ ነገሩን አውቀዋለሁ። ሐምሌና ነሐሴ ልብስ ውጭ አይደርቅም፤ ሻወር ቤት ይሰቀላል። እርጥበቱ መውጫ ሲያጣ ግድግዳው ይሻግታል፤ የሻጋታው ብናኝ ደግሞ አስም ይቀሰቅሳል። በረኪና ጥቁሩን ቢያነጣም እርጥበቱን አያስወጣም።

መስኮት ካለ ክፈቱ። ከሌለ ወይም ካልበቃ አየር ማስወጫ ፋን ግጠሙ። ስትገዙ ካርቶኑ ላይ በሰዓት ስንት ሜትር ኩብ አየር እንደሚያወጣ እዩ። ርዝመቱ 2፣ ወርዱ 1.5፣ ከፍታው 2.4 ሜትር የሆነ ክፍል 7.2 ሜትር ኩብ ነው። አየሩ በሰዓት 8 ጊዜ እንዲቀየር 58 ያህል ይበቃዋል፤ ቱቦው ረጅም ወይም ጠማማ ከሆነ ከፍ ያለውን ውሰዱ።

ቱቦው የግድ ወደ ውጭ ይውጣ። ኮርኒስ ውስጥ ከቀረ እርጥበቱን አዛወራችሁት እንጂ አላስወጣችሁትም። ከበሩ ሥር አየር መግቢያ ይኑር፤ ከታጠባችሁ በኋላም 20 ደቂቃ ይሥራ። እኔ የቤቴን ፋን የምፈትሸው በአንድ ቁራጭ ሶፍት ነው፤ ስቦ ካልያዘው አጥፍቼ አቧራውን አጸዳለሁ።

አንድ አደራ፦ ፋን አለን ብላችሁ ልብስ ለማድረቅም ሆነ ለሙቀት ከሰል ወደ ክፍሉ አታስገቡ። ካርቦን ሞኖክሳይድ አይታይም፣ አይሸትም፤ ግን ይገድላል።