ዲሹ ወዴት ያያል?

ታኅሣሥ 3 ቀን 2013 ዓ.ም.፣ ቅዳሜ

የዘንድሮው ፕሪሚየር ሊግ ዛሬ ተጀመረ። ክለቦቹ 13 ብቻ ናቸው፤ ሦስቱ የትግራይ ክለቦች በጦርነቱ ምክንያት የሉም። ጨዋታ የምናይበት የሰፈራችን ኳስ ቤት ግን ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቷል። ባለቤቱ የድሮውን ቴሌቪዥን አውርዶ ሰፊ ፍላት ሰቅሏል፤ መግቢያም ጨምሯል። ምክንያት አላጣም። የሊጉ የቴሌቪዥን መብት ለአምስት ዓመት፣ በ68 ሚሊዮን ዶላር፣ ለሱፐር ስፖርት ተሸጧል፤ ማየት የፈለገ ሱፐር ስፖርትን ለሚያሳየው ዲኤስቲቪ ይክፈል ነው ነገሩ። እስከ አምና የአገር ውስጥ ጨዋታ የሚታየው አልፎ አልፎ ነበር። ሲታይም የማልያ ቁጥር ማንበብ ዘበት ነው፤ ኳሱን ከሣሩ ለይቶ መከተልም ዓይን ያደክማል። ዛሬ የተጫዋቹ ላብ ሳይቀር ይታያል። ከኋላዬ ጋቢ ተከናንበው የተቀመጡ አንድ አባት፣ «እንዴ! የእኛም ሜዳ ሣር አለው ለካ!» ቢሉ ቤቱ በሳቅ ተናጋ።

ታኅሣሥ 12፣ ሰኞ

እማየ ቴሌቪዥኑ እንቢ ካላት ሰንብቷል። የዓመት በዓሉ ዝግጅት ሳያመልጣት ብዬ ዛሬ ዲሽ የሚሠራውን ልጅ ይዤላት ሄድኩ። ውርጩ ገና ከቆርቆሮው ላይ አልተነሣም፤ ልጁ እጁን እፍ እፍ እያለ ወጣ።

የእሷ ዲሽ አሁንም ናይልሳትን ነው የሚያየው። ናይልሳት ከምድር ወገብ በላይ፣ 7 ዲግሪ ምዕራብ ላይ ስለሆነ ከእኛ ከወገራ የሚያየው ዲሽ ፊቱን ለሱዳን ሰጥቶ ዝቅ ይላል። የእኛ ቻናሎች ግን ተሰብስበው ኢትዮሳት ወደተባለው፣ 57 ዲግሪ ምሥራቅ ወዳለው ሳተላይት ከሄዱ ቆዩ። ስለዚህ ዲሹ ጀርባውን ለሱዳን ሰጥቶ ወደ ደቡብ ምሥራቅ መዞር፣ ደግሞም አንገቱን ቀና ማድረግ አለበት። ብሎኑን አላልቶ በጣት በጣት ያዞረዋል፤ እማየ ከቤት ሆና የሲግናሉን ቁጥር ታነብለታለች።

«እትየ፣ ስንት ደረሰ?»

«አርባ! ኧረ ወረደ! ሠላሳ!»

«አሁንስ?»

«ሰባ! እንዳትነካው፣ ሰባ!»

ከዚያ ወዲያ የሪሲቨር ነገር መጣ። አዲሶቹን ቻናሎች አሮጌው ሪሲቨር አያነባቸውም፤ ኤችዲ የሚያነብ መግዛት ግድ ሆነ። ገዛን። ይሁንና ሪሲቨሩን ከእማየ ባለ ከርሥ ቴሌቪዥን ጋር የሚያገናኘው ቢጫ፣ ቀይና ነጭ ገመድ ነው። ኤችዲ ማለት በወርድ 1,920፣ በቁመት 1,080 ነጥብ ነው፤ ሲባዛ ከሁለት ሚሊዮን ይበልጣል። በቢጫዋ ገመድ የሚያልፈው ግን 720 በ576 ነው፤ አምስት እጅ ያነሰ። ሰማዩ ኤችዲ አወረደ፣ ሪሲቨሩ ኤችዲ ተቀበለ፣ ሦስት ክንድ የማይሞላ ሽቦ ላይ ቀረ። ስንቱ ሰው «ኤችዲ አስገባሁ» እያለ የድሮውን ምስል እያየ እንደሆነ አስባለሁ። ለእማየ ልነግራት አልኩና ተውኩት። ቄሱ ሲቀድሱ ከታዩዋት የነጥቡ ቁጥር አያሳስባትም።

ታኅሣሥ 21፣ ረቡዕ

ከዚያን ቀን ወዲህ ዓይኔ ጣሪያ ላይ ነው። ከዋናው መንገድ ወደ ገበያው ስወርድ የማን ቤት ምን እንደሚያይ ከዲሹ አውቃለሁ። ወደ ምዕራብ ዝቅ ብሎ የቀረው ናይልሳት ላይ ነው፤ የዐረብ ፊልም ወዳጅ ነው፣ ወይም ዲሽ ሠሪ አልጠራም። ወደ ደቡብ ምሥራቅ የዞረው ኢትዮሳት ነው፤ ወርኀዊ ክፍያ የለበትም። ወደ ደቡብ ጋደም ብሎ ሰማዩን ሽቅብ የሚያየው ከፋዩ ነው። የዲኤስቲቪ ሳተላይት 36 ዲግሪ ምሥራቅ ላይ ስላለ ከእኛ አናት ብዙም አይርቅም። የዚህ ዓይነቱ ጥቂት ነው፤ አብዛኛውም ኳስ ቤት፣ ሆቴልና ግሮሰሪ ላይ ነው።

ታኅሣሥ 29፣ ሐሙስ፣ ገና

የአጎቴ ልጅ ከቨርጂኒያ ደወለ። የዲሹን ጉድ ባጫውተው ሳቀብኝ። እሱ አገር ሳተላይቱ ከሰማይ፣ ኬብሉ ከመሬት ሆነው ለአንድ ደንበኛ ይፋለማሉ። እ.ኤ.አ. በ2007 የሳተላይቱ ዳይሬክቲቪ አዲስ ሳተላይት አምጥቆ «መቶ የኤችዲ ቻናል» እያለ ማስታወቂያውን ለቀቀው። የኬብሉ ኮምካስት በቀጣዩ ጥር «እኔ 1,000 የኤችዲ ምርጫ አቀርባለሁ» አለ። አንዱ ቻናል ይቆጥራል፣ ሌላው እያንዳንዱን ፊልም ይቆጥራል። እንዲህ ባለ ቆጠራ ማን ይሸነፋል?

የገረመኝ ግን የኬብል አጀማመር ነው። እ.ኤ.አ. በ1948 እንደ ፔንሲልቫኒያ ባሉ ተራራማ ቦታዎች አንቴና ከጋራው ጀርባ ምስል ሊስብ አልቻለም። ሰዎች አንቴናውን ጋራው ላይ ተክለው ሽቦ ወደየቤቱ ዘረጉ። እንግዲህ ተራራ ያስቸገረው ሰው የፈጠረው ነገር ነው፤ ተራራ የሞላበት አገራችን ግን አልደረሰም። እኛ ከአንቴና ተነሥተን ዲሽ ላይ አረፍን።

ማታ ከዶሮው በኋላ የበዓል ዝግጅት አየን። አንዱ ቻናል ጥግ ላይ «ኤችዲ» የሚል ምልክት ለጥፎ የድሮ ድራማ ያሳያል። ምስሉን በጎን ለጥጠውት ቀጭኗ ተዋናይት ጉንጯ ተነፍቷል። እማየ፣ «ይች ልጅ ወፈረች» አለች።

የካቲት 20፣ ቅዳሜ

ሊጉ ባሕር ዳር ነው። ከእኛ በአውቶቡስ የሚደረስበት ሜዳ ላይ የሚደረገው ጨዋታ ወደ 36,000 ኪሎ ሜትር ወጥቶ፣ ያንኑ ያህል ወርዶ ኳስ ቤታችን ይገባል። መብራት ሲጠፋ ግን ሁሉም ዲሽ እኩል ነው። ዛሬ ከዕረፍት በኋላ ጠፋ። ገንዘቤን መልስ፣ አልመልስም ተባለ። አንድ ወጣት ሬዲዮውን ከፍቶ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠው፤ ጭቅጭቁ እዚያ ላይ በረደ።

ግንቦት 21፣ ቅዳሜ

ፋሲል ከነማ በታሪኩ ለመጀመሪያ ጊዜ የሊጉ ሻምፒዮን ሆነ። የጎንደርን ሆታ ማን ይናገረዋል! እዚህም ቀይና ነጭ ያልለበሰ ልጅ የለም። በኮከብ ጎል አግቢነት የኢትዮጵያ ቡናው አቡበከር ናስር 29 ጎል አግብቶ ጨረሰ፤ ኳስ ቤታችን የባላጋራ ልጅ ብሎ አልነፈገውም፣ አጨበጨበለት።

ደስታዬ ሙሉ ነው ብል እዋሻለሁ። አፄዎቹ ፋሲሎች በጥራት የታዩበት ዓመት፣ ከፍሎ ያላየ ያላያቸው ዓመትም ነው። ክለቦቹ ከመብቱ ገንዘብ ያገኛሉ፤ ማግኘትም አለባቸው፤ በኮሮና ምክንያት ሜዳ ውስጥ ተመልካች እንደ ልብ ባልተፈቀደበት ዘመን ሌላ ምን ገቢ አላቸው? ሆኖም ግርግዳ ቀዳዳ ላይ ተደርድረው የሚያጮልቁትን ሕፃናት ሳይ፣ ቢያንስ የዋንጫውን ጨዋታ ለነፃው ዲሽ ቢለቁት ምን ይጎድልባቸው ነበር እላለሁ።

የኳስ ቤቱ ባለቤት «ሊጉ ስላለቀ ፓኬጁን ላወርደው ነው» ብሎ ነበር። ሰኔ 4 የአውሮፓ ዋንጫ እንደሚጀምር ሲሰማ ሐሳቡን ቀየረ። መግቢያ እንደሚጨምር ከወዲሁ አስጠንቅቆናል።