ፓስታው ላይ ቦሎቄ ጨምሩበት

ዛሬ ስለ መድኃኒት ሳይሆን ስለ እራት ላወራችሁ ነው።

ነጌሌ ቦረና መሥራት በጀመርኩበት ሰሞን አንዲት እናት የሁለት ዓመት ልጇን ይዛ መጣች። መዳፉ ነጥቷል፣ ቶሎ ይደክመዋል፣ አፈር ይበላል። ስንመረምረው ደም ማነስ ሆነ። "ምን ይበላል?" አልኳት። "ፓስታ፣ ከዚያ ሻይ።" እኔም "ሥጋ፣ ጉበት፣ እንቁላል ስጪው" አልኩ። ዝም ብላ ሰማችኝና በኦሮምኛ አንድ ነገር ተናገረች። ነርሷ ተረጎመችልኝ፦ "ዶክተር፣ ከብቶቻችን በድርቁ አልቀዋል ነው የምትለው።"

አፈርኩ። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ሳይሳኩ ቀርተው ቦረና ስንት ከብት እንዳለቀ አውቃለሁ። ግን ያዘዝኩላትን ምግብ ከየት እንደምታመጣው አልጠየቅኳትም። የብረት ሽሮፕ ጽፌላት ሄደች።

ያን ዕለት ማታ ደክሞኝ ቤት ገባሁ። ቀቅዬ ያስቀመጥኩት ቦሎቄ ነበረኝ፤ የፓስታው ሱጎ ውስጥ ጨመርኩት። ከሃያ ደቂቃ በኋላ እየበላሁ ያቺ እናት ትዝ አለችኝ። ለካ መልሱ እዚሁ ሳህኔ ላይ ነበር! ጣሊያኖች ይህን ምግብ "ፓስታ ኤ ፋጆሊ" ይሉታል፤ ባቄላና ቦሎቄን ደግሞ "የድሃ ሥጋ" ብለው ይጠሩታል።

በቀጠሮዋ ስትመጣ ነገርኳት። "ይሄንንማ ከገበያ አገኘዋለሁ" ብላ ሳቀች። ሽሮፑንም ቦሎቄውንም ቀጠለች። ከወራት በኋላ ልጁ ግቢውን በሩጫ ሲያዳርስ አየሁት።

ለአምስት ሰው እንዲህ ይሠራል፦

1. ሁለት ብርጭቆ ቦሎቄ ማታ ውኃ ውስጥ ይዘፍዘፍ። ጠዋት ውኃውን ደፍታችሁ በአዲስ ውኃ እስኪለሰልስ ቀቅሉት። በተለይ ቀዩ በደንብ ካልፈላ ሆድ ያውካል፤ ያስመልሳል።
2. ማታ ሁለት ሽንኩርት በዘይት አቁላሉ፤ ነጭ ሽንኩርትና አምስት የተከተፈ ቲማቲም ጨምሩ።
3. ቦሎቄውን ከነመረቁ አክሉበት። ጥቂቱን በማንኪያ ብትጨፈልቁት ሱጎው ይወፍራል።
4. ግማሽ ኪሎ የተቀቀለ ፓስታ ወይም መኮሮኒ ቀላቅሉበት። አዮዲን ያለው ጨው መጨረሻ ላይ ይግባ።
5. ከእሳት ሲወርድ ሎሚ ጭመቁበት። ለትልልቆቹ ቃሪያ ይከተፍበት።

ሎሚው ለጣዕም ብቻ አይደለም። የቦሎቄ ብረት እንደ ሥጋው በቀላሉ ወደ ደም አይገባም፤ ቫይታሚን ሲ ግን ያግዘዋል። ሻይና ቡና በተቃራኒው ያግዱታል። ስለዚህ ከምግብ በኋላ ቢያንስ አንድ ሰዓት ቆዩ፤ ለሕፃን ደግሞ ሻይ ባትሰጡት ይሻላል። ከ1 እስከ 3 ዓመት ያለ ልጅ በቀን 7 ሚሊ ግራም ያህል ብረት ያስፈልገዋል። 100 ግራም የተቀቀለ ነጭ ቦሎቄ ውስጥ ከ2 ሚሊ ግራም በላይ አለ። ፓስታና ቦሎቄ አብረው ሲበሉ ደግሞ የአንዱን ፕሮቲን ጉድለት ሌላው ይሞላል።

ስድስት ወር ለሞላው ሕፃን በደንብ ተፈጭቶ፣ ያለ ጨውና ያለ ቃሪያ ስጡት። ወተት ወይም እንቁላል ስታገኙ አትተዉ፤ ቦሎቄ ውስጥ የሌለው ቫይታሚን ቢ12 እነሱ ውስጥ አለ።

አደራ! ልጃችሁ መዳፉ ከነጣ፣ አፈር ከበላ ወይም ከደከመው መጀመሪያ አስመርምሩት። ደም ማነስ ከያዘው ምግብ ብቻውን አይበቃም፤ የታዘዘለትን መድኃኒት ይጨርስ። እናንተም ሐኪማችሁ ቤት ውስጥ የሌለ ነገር ካዘዘላችሁ ዝም ብላችሁ አትውጡ። "ይሄ የለኝም፣ ሌላስ?" በሉት። እኔን ያስተማረችኝ እንዲህ ያለች እናት ናት።