ማሻ፣ ዝናብና የእማሆይ ፒያኖ

ሲከፋችሁ ምን ታዳምጣላችሁ? አንዳንዱ ሰው ቶሎ ብሎ ጭፈራ ይከፍታል። ሌላው ደግሞ እንደኔ፣ ሆድ የሚያባባውን መርጦ ያስገባል። «አንቺ ደግሞ ሁልጊዜ ለቅሶ ቤት ያለሽ ይመስል!» እየተባልኩ ነው ያደግኩት። ዛሬ ለዚህ አመሌ ጠበቃ ሆኜ ቀርቤያለሁ። ምስክሬን ያገኘሁት ደግሞ ማሻ ነው።

«ማሻ የት ነው?» የምትሉ አትጠፉም። የሸካ ዞን ዋና ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ በጅማ፣ በቦንጋና በሚዛን አድርጋችሁ ቴፒ ትደርሳላችሁ። ቴፒ ሞቃት ናት፤ ቡናው በትልልቅ ዛፍ ጥላ ሥር ተንጣሎ ታዩታላችሁ። ከዚያ በጌጫ በኩል ወደ ሰሜን ሽቅብ ነው። መኪናው ከፍ ባለ ቁጥር መስኮቱ ይዘጋል፣ ሹራብ ከሻንጣ ይወጣል፣ በየጓሮው እንሰቱ ይበዛል፣ ቀርከሃው ብቅ ብቅ ይላል። ማሻ ስትገቡ ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናችሁ። የሸካ ደን በፈረንጆች 2012 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ ተመዝግቧል። ማሩማ አይወራ!

ማሻን ማሻ የሚያደርጋት ግን ዝናቡ ነው። በዓመት ወደ 2,000 ሚሊ ሜትር ይጠጋል። እኛ አዲስ አበባ ላይ ሐምሌና ነሐሴን «መቼ ነው የሚያልቀው?» እያልን ነው የምንገፋው፤ እዚያ ግን በልግና ክረምቱ ተያይዘው ወራት ይዘልቃሉ። ጠዋት ጉሙ ጫካውን ይሸፍነዋል፤ ከሰዓት ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ሁለት ሰው ፊት ለፊት ተቀምጦ መነጋገር ያቅተዋል።

እዚያ የሄድኩት አብሮ አደጌን ልጠይቅ ነው። ለሥራ ከሄደች ሦስት ዓመት ሆኗታል። እናቷ አዲስ አበባ አርፈው፣ ቀብራ፣ ሰልስት አውጥታ ወደ ሥራዋ ከተመለሰች ገና ወሯ ነበር። የማሻ ጎረቤቶቿ አልተዋትም። ቡና ያፈላሉ፣ ቆጮ ጋግረው ይመጣሉ፣ ልጆቻቸውን አብረዋት እንዲያድሩ ይልካሉ። ደግ ሰዎች! እሷ ግን አንድ ጠብታ እንባ አልወጣትም። «ሁሉም 'አይዞሽ፣ በቃሽ፣ እግዜር ያጥናሽ' ይለኛል፤ አይዞሽ ባሉኝ ቁጥር እንባዬ ወደ ውስጥ ይመለሳል» አለችኝ። መብላት ትታለች። ሥራውንም ልትለቅ ማመልከቻ ጽፋ ትራሷ ሥር አኑራለች። ምን ልበላት? እኔም የማውቀው ያንኑ «አይዞሽ» ነው።

በሁለተኛው ቀን ማታ መብራት ሄደ። ዝናቡ ጋብ ሲል ስልኬ ላይ ያለውን የምወደውን አልበም ከፈትኩ፤ የእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩን። በ2006 «ኢትዮፒክስ» በተሰኘው ተከታታይ ውስጥ 21ኛ ቁጥር ሆኖ የወጣው ነው። 16 ዜማ፣ አንድ ፒያኖ፣ በቃ! ከበሮ የለም፣ ግጥም የለም። ግራ እጃቸው ቀስ እያለ ይራመዳል፤ ቀኙ ይሮጥና ድንገት የረሳው ነገር እንዳለ ሁሉ ቆም ይላል። ትዝታ ነው እንዳትሉ የቤተ ክርስቲያን ዜማ ይመጣል፤ ያሬዳዊ ነው ስትሉ ደግሞ የፈረንጆቹ ክላሲካል ጎትቶ ይወስዳችኋል።

እኚህ እናት ሐዘንን ከመጽሐፍ አልተማሩትም። በ1923 አዲስ አበባ ከትልቅ ቤተሰብ ተወለዱ። በ6 ዓመታቸው ስዊዘርላንድ ተልከው ቫዮሊን ተማሩ። በ1937 ፋሺስቶች ከነቤተሰባቸው አሲናራ ወደምትባል የጣሊያን ደሴት አጋዟቸው። ከጦርነቱ በኋላ ካይሮ ሄደው ሙዚቃ አጠኑ። ለንደን ሊማሩ ያገኙት ዕድል ሳይሳካ ቀረና መነኑ፤ ግሸን ማርያም ገብተው 10 ዓመት ያህል በባዶ እግራቸው ኖሩ። የመጀመሪያ ሸክላቸው ጀርመን ታተመ። ከ1984 ጀምሮ ኢየሩሳሌም ባለው የኢትዮጵያ ገዳም ኖረው፣ በመጋቢት 2023 በ99 ዓመታቸው አረፉ።

ከዜማዎቹ አንዱ ርእሱ ወደኛ ሲመለስ «የእናት ፍቅር» ማለት ነው። ለጓደኛዬ አልነገርኳትም። እሱ ሲጀምር ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣል አደረገች። ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ አየሁ። ዝም አልኳት። ሙዚቃው አልቆ ዝናቡ እንደገና ጀመረ፤ እሷ ግን ገና እርሟን እያወጣች ነበር። በመጨረሻ ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? «እኚህ ሴትዮ እኮ አይዞሽ አላሉኝም!»

የኔም ክርክር ይኸው ነው። እኛ ሐዘንተኛ ስናይ ቶሎ ዝም ልናሰኘው እንቸኩላለን። ሙዚቃ ግን፣ በተለይ ቃል የሌለው ሙዚቃ፣ አይቸኩልም። አጠገብህ ቁጭ ይላል እንጂ «በቃህ» አይልህም። በማግስቱ ጠዋት ጓደኛዬ ቆጮውን በማር በላች። ማመልከቻው ቀረ ወይ? እስከመጣሁ ድረስ ትራሷ ሥር ነበር፤ ውሳኔው የሷ ነው። ብቻ አሁን አልቅሳ ትወስናለች።

ታዲያ ሙዚቃ መድኃኒት ነው እያልኳችሁ አይደለም። እንቅልፍና ምግብ ለሳምንታት ከከለከላችሁ፣ ተስፋ ካስቆረጣችሁ፣ ለምታምኑት ሰው ተናገሩ፤ ሐኪምም አማክሩ። ለተራው የሆድ መባባት ግን ከጭፈራው በፊት ለአንድ ማታ እማሆይን ሞክሯቸው። መብራቱን አጥፉ፣ ስልክ ለሚደውል አታንሱ። ጓደኛችሁ ያዘነ እንደሆነም «አይዞህ»ን ትንሽ አቆዩለትና አብራችሁት አዳምጡ።

ዝናብ ከጨመራችሁበት ደግሞ… መንገዱን ነግሬያችኋለሁ፤ ሹራብ እንዳትረሱ!