ኤልያስ አስቀድሞ በላ

እኛ የሥነ ልቡና ምክር ተማሪዎች ለሥራ ልምምድ ስንወጣ ያልጠበቅነው ነገር ገጠመን። የሰውን መከራ ስናዳምጥ ውለን ማታ እንቅልፍ እምቢ አለን። የመጀመሪያው ተቆጣጣሪያችን የሚጠይቁን «መዝገቡ ተሞልቷል ወይ?» ብቻ ነበር። የደረሰብንን ደብቀን ዝም አልን፤ ድካማችንንም የእምነት ጉድለት አድርገን ቈጠርነው። አንዱ ጓደኛችን ትምህርቱን ሊተው ተነሣ።

ቻርልስ ፊግሊ የተባለው ሊቅ ግን እ.ኤ.አ. በ1995 ባዘጋጀው መጽሐፍ፥ የቈሰሉትን የሚረዳ ሰው ራሱም ሊቈስል እንደሚችል አስረድቷል።

ኋላ የተተኩት መምህርት በሩን ዘግተው «ለመሆኑ ምሳ በልታችኋል?» አሉን። ያን ጊዜ ኤልያስ ትዝ አለን። ነቢዩ ከክትክታው ዛፍ ሥር ሞቱን ሲለምን መልአኩ አልገሠጸውም፤ እንጎቻና ውኃ አቀረበለት እንጂ። እግዚአብሔር የጠየቀው በልቶና ተኝቶ፥ አርባ ቀን ተጉዞ ኮሬብ ከደረሰ በኋላ ነው፤ መልሱንም ሰምቶ ሥራውን ከኤልሳዕ ጋር ሰጠው።

መዝገብ አይጠየቅ አንልም፤ ባለጉዳዩ የሚጠበቀው በእርሱም ነውና። ነገር ግን ነገ እኛ ተቆጣጣሪዎች ስንሆን ተራውን አንርሳ፤ መጀመሪያ እንጎቻው፥ ቀጥሎ ጥያቄው። ያ ጓደኛችንም ዛሬ አብሮን ይማራል።